ለአባቴ በግማሽ የነገርኩት መድኃኒት

ሐይቅ ከተማ ከአውቶቡስ ስወርድ አባቴ መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ ሻንጣዬን ነው። አቅፎ ጉንጬን አገላብጦ ሳመኝ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" አለ፣ ዓይኑ ግን በትከሻዬ አልፎ ወደ ሻንጣው ይሄዳል። ሰላምታ ሳያዳርስ ነገር የማይጀምረው ሰው፣ ገና ትንፋሼ ሳይመለስ "በረዶው ቀልጦ ይሆን?" አለኝ።

"የምን በረዶ፣ አባየ?"

"የመድኃኒቱ ነዋ!"

ሻንጣዬን ከመሬት አነሳሁ። መንገድ አድክሟታል ብሎ መሰለኝ፣ ሻንጣውን ቀማኝና እያነከሰ አስፋልቱን ተሻገረ። ወደ ግሸን የሚወጡ ምእመናን የጫኑ አውቶቡሶች ተከታትለው ያልፋሉ፤ እሱ ግን ግራ ቀኝ እንኳ አላየም። ወደ ቤት የሚሄድ መስሎኝ ስከተለው ከመንገዱ ማዶ ካለችው ሱቅ በር ላይ ቆመ። ባለሱቋ የእናቴ ወዳጅ ነበሩ፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ለእኛ እንደ አክስት ናቸው። የለስላሳ ማቀዝቀዣቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ላይኛዎቹ መደርደሪያዎች በጠርሙስ ተጨናንቀዋል። የታችኛው ባዶ ነው፤ ተወልውሎ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎበታል።

"ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጠርሙስ አላስቀመጥኩበትም" አሉኝ። "አባትሽ በቀን ሁለቴ እየመጣ ይፈትሸኛል። ኧረ እኔስ ሰለቸኝ፣ ቶሎ አስገቢልንና እንረፍ!"

ያኔ ገባኝ። አባቴ እግሩን ሊቆረጥ ደሴ የተሰጠውን ቀጠሮ የተወው ፈርቶ አልነበረም። እኔን እየጠበቀ ነበር። እኔ ደግሞ በሻንጣዬ ውስጥ ሹራብ፣ ለእህቴ ጫማና ሁለት ጣሳ የወተት ዱቄት እንጂ ሌላ አልያዝኩም።

ነገሩ የጀመረው ከተረከዙ ነው። ጥቁር ነጥብ ወጣበት። እሾህ ነው ብሎ በወረንጦ ሲቆፍር ሲቆፍር ከረመ፤ ነጥቡ ግን እየሰፋ፣ እየቆሰለ ሄደ። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጨቅጭቃ ደሴ ወሰደችው። ሐኪሙ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ አስመረመረና ካንሰር ነው አለ፤ ከቆዳ ቀለም የሚነሳ፣ ክፉ ዓይነት። መፍትሔውም ቢላዋ ነው፤ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ በቶሎ። ቀን ተቆረጠለት። በቀኑ አባቴ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ማልዶ ከቤት ወጣ፣ ደሴ መሄዱን ትቶ ውጫሌ ወጥቶ የተጣሉ ወንድማማቾች ሲያስታርቅ ዋለ!

ይህን ሁሉ የሰማሁት ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው። እንዳይነግሩኝ ከልክሎ ኖሯል። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ በእኛ ዘንድ ደንብ ነው። እህቴ ግን አንድ ቀን ሆዷ አልችል አላት። "አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ተረከዙ እየበሰበሰ ነው፤ ቢለምኑት አይሰማም፤ ለምን እንደሆነም አይናገርም። አንቺን ይሰማል፣ ነይ" አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ የምሠራበትን ላቦራቶሪ ኮሪደር ከጫፍ ጫፍ ስመላለስ ቆየሁ። በማግሥቱ ትኬት ቆረጥኩ።

አባቴ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። አበጋር ነው። በወሎ አበጋር ማለት ደም የተቃቡትን ሳይቀር የሚያስታርቅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እሺ የሚለው ሽማግሌ ነው። ከሐይቅ እስከ አምባሰል ድረስ ድንበር የተጋፋ፣ ውሃ የተሻማ፣ ሰው የገደለ ሁሉ እሱ ፊት ይቀመጣል። ቃል ይመዝናል። አንድ ነገር ሆነ ብትሉት "አየህ ወይስ ሰማህ?" ይላል። ልጆች ሆነን ወተት ሲደፋ እንኳ ማን ደፋው ብሎ አይቆጣም፤ ምስክር ያስቆጥረን ነበር። ጎረቤቶቻችን ይስቁብን ነበር፣ እኔን ደግሞ ያናድደኝ ነበር፤ ወተቱን ብዙ ጊዜ የምደፋው እኔ ነበርኳ!

የእኔ ሥራ ሌላ ነው። ለእሱ ለማስረዳት ያየሁት አሳር! ሰውነታችን ውስጥ በሽታ የሚዋጉ ሴሎች አሉ፣ አልኩት በስልክ። ከእነሱ መካከል ጥቂቶቹ ግን አይዋጉም፤ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ሌሎቹ በቁጣ ተነስተው የገዛ አካላችንን እንዳያጠቁ "በቃ፣ ተዉ፣ እረፉ" ይሏቸዋል።

"ሽማግሌዎች ናቸዋ!" አለኝ ደስ ብሎት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ምሳሌ አላስፈለገኝም። ካንሰር ተንኮለኛ ነው፣ አልኩት፤ ሽማግሌዎቹን አባብሎ ዙሪያውን ያስቀምጣቸዋል። ተዋጊዎቹ ሊመቱት ሲመጡ ሽማግሌዎቹ ይገላግላሉ። እሱ በእነሱ ጋቢ ሥር ተደብቆ ይሰባል።

"እና እናንተ ሽማግሌ ትገድላላችሁ?" ድምፁ ተለወጠ።

"አንገድልም፣ ዝም እናሰኛቸዋለን እንጂ።" እነዚያን ሴሎች ሽማግሌ የሚያደርጋቸው ፎክስፒ-ሦስት የሚባል አንድ ጂን ነው። ከጂኑ ትእዛዝ ተገልብጦ ይወጣል፤ ሴሉ ያንን አንብቦ ሥራውን ይሠራል። እኛ የምንሠራው ኦሊጎኑክሊዮታይድ የሚሉት ነገር ነው፤ ሃያ ገደማ ፊደላት ብቻ ያሉት አጭር የዘር ክር። ገብቶ ከዚያች ትእዛዝ ጋር ብቻ ይጣበቃል፣ ትእዛዟም ሳትነበብ ትቀራለች። ጂኑን አንነካውም።

"መልእክተኛውን መንገድ ላይ ትይዙታላችሁ" አለኝ። ወላሂ፣ ፕሮፌሰሬ እንኳ እንዲህ አሳጥሮ አስረድቶኝ አያውቅም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አይጦቹ ላይ የነበረው እጢ ሟሽሾ አገኘሁት። ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ። ለአለቃዬ ሳልናገር ለአባቴ ደወልኩ። ያኔ ስለ ተረከዙ የማውቀው እሾህ ወጋኝ ያለኝን ብቻ ነው። "አባየ፣ እጢው ጠፋ! አይጦቹ ዳኑ!" ብዬ ጮህኩ። "አላሁ አክበር" አለ፣ ከዚያም ረጅም ዝምታ። ደስታ ነው ብዬ ነበር። በማግሥቱ ለመስጊዱም ለገበያውም ተናግሮት ኖሯል፦ ልጄ ለነቀርሳ መድኃኒት አገኘች።

በሁለተኛው ሳምንት የአይጦቹ ፀጉር ቆመ። ጎበጡ፣ ተቅማጥ ያዛቸው፣ ከሱ። ከፍተን ስናያቸው አንጀታቸው ቆስሏል። ተዋጊዎቹ እጢውን ከጨረሱ በኋላ የሚያስቆማቸው ጠፍቶ ወደ ባለቤቱ ዞሩ። አብዛኞቹ ሞቱ። ሥራችን እንደ አዲስ ተጀመረ ማለት ነው፤ መጠኑን መቀነስ፣ ኦሊጎውን ወደ እጢው ብቻ የሚያደርስ መንገድ መፈለግ። ወደ ሰው ለመድረስ ዓመታት ይቀሩታል፣ ከደረሰም።

ይህን አልነገርኩትም። ለምን? አፈርኩ። ያንን "አላሁ አክበር" መልሼ ከአፉ መቀማት ሆነብኝ።

የወሎን ሰላምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቴ በየሳምንቱ ይደውላል፤ "እንዴት ነሽ፣ ዓፊያ ነሽ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ሥራው፣ ጎረቤቱ፣ አለቃሽ ደህና ነው?" ይላል፤ ከዚያም በዚያው ትንፋሽ "አይጦቹስ ደህና ናቸው?" እኔም "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው" እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል? ሰላምታ መሐል "ሞቱ" ይባላል? እናታችን አልጋ ላይ ወድቃ እንኳ ለጠየቀን ሁሉ "ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ" ነበር የምንለው። እንዲህ ያለው መልስ ለሰላምታው ነው፤ የልቡን ወሬ የፈለገ ቁጭ ብሎ ዳግመኛ ይጠይቃል። አባቴም ያውቃል ብዬ ነበር። ሰውየው ግን አበጋር ነው፤ አንድ ምስክር በየሳምንቱ ሳይዛነፍ አንድ ቃል ሲሰጠው ቃሉ ጸና ማለት ነው። የእሱ ተረከዝ በየሳምንቱ ሲብስበት የእኔ አይጦች በየሳምንቱ ደህና ነበሩ። እናም የደሴውን ቢላዋ ትቶ ጠበቀኝ።

እቤት ገብቼ ሦስት ቀን አፌ ተያዘ። መቀመጥ አልቻልኩም፤ ግቢውን እዞራለሁ፣ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ስልኬን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እህቴ "ኧረ በአላህ፣ ራሴን አዞርሽው!" ትላለች። አባቴ መድኃኒቱ የት እንዳለ አልጠየቀኝም። እንግዳን ባረፈ በሦስተኛው ቀን እንጂ ጉዳይ አይጠይቁትም። እኔ ግን ሦስቱን ቀን በቁስሉ ነው የቆጠርኳቸው፤ ከሚያነክሰው እግሩ ሌሊቱን የሚወጣው ሽታ ጠዋት ጠዋት ቤቱን ሞልቶት አገኘዋለሁ።

ሰዉ ደግሞ መምጣት ጀመረ። የሐኪም ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣው! ከውጫሌ በባጃጅ የመጡ አንድ አዛውንት የራጅ ፊልማቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው "እስቲ እዪልኝ የኔ ዓለም" አሉኝ። እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል? ባለሱቋም መጡ። ጣቶቻቸው መገጣጠሚያቸው ላይ አብጠው ተጣመዋል። "ለእኔስ ከሱ ጠብታ አይደርሰኝም?" አሉኝ። የእሳቸው በሽታ ደግሞ የባሰ ጉድ ነው፤ የገዛ ሰውነታቸው ነው መገጣጠሚያቸውን የሚበላው። ለእሳቸው ሽማግሌ መጨመር እንጂ ዝም ማሰኘት አይበጅም፤ የእኛን ነገር ቢወስዱ ይገድላቸዋል። ይህን በደግ ቃል ማስረዳት ሲገባኝ "ኧረ ተዉኝ! ምንም የለኝም!" ብዬ ጮህኩባቸው። ፊታቸው ዱቄት ሆነ። ጥያቸው ወጣሁ፣ ከበሩ ሳልርቅ አለቀስኩ።

እህቴ ተከትላኝ መጣች። "ምንም የለኝም ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?"

ነገርኳት። ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። "አጃኢብ! እኔ እኮ ፈርቶ ነው ብዬ ስሰድበው ነው የከረምኩት" አለች። ከዚያ ቀና ብላ "ዛሬውኑ ትነግሪዋለሽ። እኔ አልነግርልሽም፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች የደንገል ታንኳቸውን የሚያደርቁበት ቦታ ተቀምጦ አገኘሁት። እግሩን ከጫማ አውጥቶ ነፋስ ያስመታዋል። ዝንቦችን በጋቢው ጫፍ እሽ ይላል። ቁጭ በይ አለኝ፤ አልችልም አልኩት። ቆሜ፣ እየተንጎራደድኩ ሁሉንም ነገርኩት። ፀጉራቸው መቆሙን፣ አንጀታቸውን፣ መሞታቸውን፣ መድኃኒቱ ገና መድኃኒት አለመሆኑን።

አላቋረጠኝም። ስጨርስ "ስንት ሞቱ?" አለ።

"አብዛኞቹ።"

"መቼ?"

"ዳኑ ባልኩህ በሁለተኛው ሳምንት።"

"እንግዲያ ደህና ናቸው ስትዪኝ ሙታን ነበሩ።"

"አዎ፣ አባየ።"

ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። "ሐሰት ብትነግሪኝ ይሻል ነበር" አለ። "ሐሰትን እይዘዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ስይዘው ኖሬያለሁ። ግማሽ እውነት ግን ሽማግሌ ያታልላል።"

"ቅጣኝ። የፈለግኸውን ቅጣኝ። ብቻ ነገ ደሴ እንሂድ።"

"እኔ ተበዳይ ነኝ። ተበዳይ አይፈርድም። ሽማግሌ ጥሪ።"

መንጎራደዴን አቆምኩ። "ምን ሽማግሌ ነው የምትለኝ! ጊዜ የለህም! ይሄ ነገር ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪመርቅ ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም!"

"እኔስ ለነገርኩት ሰው ሁሉ ምን ልበለው? ወረቀቱን ይዞ ደጄ ለሚመጣው? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?"

"የወለድከው እኔ ነኝ እኮ!"

"አውቃለሁ" አለ፣ ሳይስቅ።

ምርጫ አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ደጅ ጠናሁ። አንደኛው ሸህ ናቸው፣ የአባቴ የቁርኣን ቤት ጓደኛ። ሁለተኛው መሪጌታ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያላስታረቁት ቀበሌ የለም። ሁለቱም በጉዳዩ አልተደነቁም። የተደነቁት አበጋር ራሱ ተከሳሽም ከሳሽም ሆኖ በመቅረቡ ነው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከሐይቁ ከፍ ብላ ካለችው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ወረቀት ይዘው ቤታችን የመጡት ሁሉ እንዲገኙ ተልኮባቸዋል። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ አሚን አለ፤ መሪጌታውም ዘርግተው ነበር። ቀጥለው መሪጌታው "ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ። ግማሹን የሰማ ጆሮ ሁሉ ሌላውን ግማሽ መስማት አለበት። ተነሺና ተናገሪ።"

እኔ በትላልቅ አዳራሽ፣ በፈረንጅ ፕሮፌሰሮች ፊት ሥራዬን አቅርቤ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ስለ ሽማግሌ ሴሎች፣ ስለ ትእዛዟ፣ ስለ ኦሊጎው ተናገርኩ። ከዚያ ስለ ሞቱት። ይህንን ከአባቴ መደበቄንም ተናገርኩ። ከውጫሌ የመጡት አዛውንት የራጅ ፊልማቸውን በቀስታ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ያንን ማየት ከሁሉም ባሰብኝ።

"ለመሆኑ እነዚህ ሽማግሌ ያልሻቸው በጎ ናቸው ወይስ ክፉ?" አሉኝ መሪጌታው።

"እንደሚቀመጡበት ቦታ ነው፣ አባ።"

"እንደኛው ናቸዋ!" አሉና ሰዉ ሳቀ። አባቴ ብቻ አልሳቀም።

ባለሱቋ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አሉ። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። "እንግዲያ ለስላሳዬን ልደርድርበት?" አሉኝ።

"ይደርድሩበት" አልኩ። "ስለ ጮህኩብዎትም ይቅር ይበሉኝ፣ አፉ ይበሉኝ።"

"አፉ ብያለሁ፣ የኔ አንጀት። እሱስ ይሁን፤ የእኔን ጣት ግን ስትሄጂ እዚያው ጠይቂልኝ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ጎን ወጥተው ተመካከሩ። ሲመለሱ ሸሁ ፈረዱ። በእኔ ላይ፦ ግማሽ በመናገሬ አባቴ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ሥራዬን ትቼ እግር እንድሆነው። በአባቴም ላይ፦ ሐኪም የቆረጠውን ቀን ማፍረስ ቃል ማፍረስ ነውና፣ ነገ በጠዋት ደሴ እንዲሄድ። አባቴ ተነሳ። "ሰው በእኔ ቃል ሲገባ ኖሯል፣ እኔም ከሽማግሌ ቃል አልወጣም" አለ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ቀና አደረገኝና "አፉ ብያለሁ" አለኝ። ሸሁ "አብሽሪ፣ አለቀ" አሉኝ።

ያለቀ መሰለኝ። በዚያን ቀን ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ፤ እህቴ የጠበሰችውን ቆሮሶ ዓሣ ሁለት ጨረስኩ። ተኛሁም።

ደሴ ሐኪሙ ተረከዙን አየ። ከዚያ ጭኑ ሥር ብሽሽቱን ዳበሰ፣ ደግሞ ዳበሰ። እጁ እዚያ ቆመ። ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ የሙያ ሰው ነሽ ብሎ በሙያ ቋንቋ ነገረኝ፦ ወደ ንፍፊቱ ዘልቋል። እግሩም ይቆረጣል፣ ብሽሽቱም ይከፈታል፤ ከዚያ በላይ መሄድ አለመሄዱን ግን ማንም አያውቅም። "በፊት ሲመጣ ነበረ?" አልኩት። "ያኔ ዳብሼ አላገኘሁም። ትንሽ ከነበረ ግን ሊያመልጠኝ ይችላል" አለኝ።

አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ "ምን አለሽ?" አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት፣ ምንም ሳላስቀር። የመጨረሻዋን ስናገር ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። "በቀጠሮህ ቀን ብትመጣ ኖሮ ምናልባት እዚያው ተረከዝህ ላይ ይቀር ነበር። ያዘገየሁህ እኔ ነኝ፣ አባየ። የገደልኩህ እኔ ነኝ" አልኩት።

"ሰማሁ" አለ።

ሆስፒታሉ አልጋ ሰጠው። ኦፕራሲዮኑ ለሦስተኛው ቀን ተያዘ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልወጣውም፤ ይሰግዳል፣ ከአጠገቡ ከተኛው ሰው ጋር ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ይተኛል። እኔ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ስመላለስ ነርሷ ሁለት ጊዜ ተቆጣችኝ። ይቅር ያለኝ ስለ አይጦቹ ነው፤ ለዚህኛው ገና ይቅርታ አልጠየቅሁትም፣ እንዴት ብዬስ እጠይቃለሁ? አባትን ለሞት አሳልፎ የሰጠ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሊጠሩት ጥቂት ሲቀር፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠኝ። "ሁለት ቀን ያሰብኩት ነገር አለ" አለኝ። "አንቺ ግማሽ ነገርሽኝ ብዬ ዋርካ ሥር አቆምኩሽ። እኔም ግማሽ ነበር የተናገርኩት። ብሽሽቴ ላይ ያለችውን ጉብታ አውቃታለሁ። ዉዱእ ሳደርግ በእጄ አገኘኋት፤ የአይጦቹን ወሬ ከመደወልሽ በፊት፣ ያ ቀን ከመቆረጡም በፊት። ለሐኪሙ አልነገርኩትም፣ ለእህትሽም። ወደ ላይ ከወጣ እግሬን ቢቆርጡት ምን ይረባኛል ብዬ ነው የቀረሁት። አንቺ አላዘገየሽኝም።"

ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ሊወርድ ሲል ያዝኩት። አባቴን አውቀዋለኋ! የተጣሉ ሁለት ሰዎችን ለማስታረቅ ሲል ያልተባለውን ተብሏል፣ ያልተለቀሰውን ተለቅሷል ማለት ለአበጋር ኃጢአት አይደለም፤ ለእርቅ የተነገረ ሐሰት አላህም አይቆጥረውም ይላሉ። ምስክር ሲቀበል ግን ያለ መሐላ ተቀብሎ አያውቅም።

"ወላሂ በል" አልኩት።

አየኝ። ዓይኑ እንደዚያ ሲለሰልስ አይቼው አላውቅም። አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ነርሷ ተሽከርካሪ አልጋ እየገፋች ገባችና ስሙን ጠራች። ትከሻዬን ተደግፎ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን ከአልጋው ሥር አነሳና ሁለቱንም ሰጠኝ።

"እነዚህን ያዢልኝ" አለኝ። ከእኔ ጋር ሊያስታርቀው የፈለገውን ሰው አውቀዋለሁ፤ እኔው ራሴ ነኝ። አልማለልኝም።